እኛ ወጥተን በሬዬ ስላልገባበት ጉዳይ

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት መጨረሻ ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ብርሃኑ፣
የይፋት ቆላ የልውውጥ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ጓድ ሊቀመንበር፣ የቆላው ሙቀት አያግኝዎ፤ የወባ ትንኝ በደጃፍዎ አትለፍ፤ ጉልበትዎ ይጽና፣ ድምፅዎም በየስብሰባው እንዳገለገለዎ ሁሉ ለብዙ ዘመን ያገልግልዎ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ እቴነሽም ደህና ናት። ከቤተሰባችን ደህንነቱን በዐይኔ ማየት የተሳነኝ አንድ በሬ ብቻ ነው፤ እርሱም ከደብረ ሲና በላይ በደጋ ስለሚገኝና እርስዎ ባቆሙት ኬላ ምክንያት መውረድ ስላልቻለ፣ የእርሱን ሰላምታ ለማቅረብ አልታደልኩም።

ስሜ ወልደማርያም ወርቁ ይባላል፤ የቀወት ገበሬ ነኝ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ለድቁና ደርሼ ስለነበር ብዕር መያዝ አይከብደኝም፤ የከበደኝ መቀመጥ ነው። ይህን የምጽፈው ቆሜ፣ ወረቀቱን ጎተራው ላይ አስደግፌ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ወደ ጣርማ በር ተራራ ቀና ብዬ ደመናውን ስለማይ፣ ሐሳቤ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሰኔ ደረሰ። መሬቴ ገና አልተነካም፤ ቀንበሩ ደጃፌ ላይ ተጋድሟል፤ እኔም ሌሊት አልተኛ፣ ቀን አልቀመጥ ብያለሁ።

ባለፈው ስብሰባ ላይ «ሂስን የሚፈራ የአብዮት ልጅ አይደለም፤ ከደጋው ኅብረት በመውጣታችን ሰፊው ሕዝብ ምን እንደተጠቀመ በግልጽ ጻፉልን» ብለው ጋብዘውን ነበር። ሌላው ሰው ግብዣውን ሰምቶ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ግን ከትልቅ ሰው የመጣ ግብዣ መመለስ ነውር መሆኑን ተምሬ ያደግኩ ስለሆንኩ እነሆ ጻፍኩ። ጽሑፉ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ እንዳይደናገር ከሥሩ እጀምራለሁ።

እስከ የካቲት ድረስ እኛ የቆላ ገበሬዎች ከደጋ ገበሬዎች ጋር የልውውጥ ኅብረት ነበረን። ከላይ ባቄላ፣ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርትና በግ ይወርዳል፤ ከታች ማሽላ፣ ቀይ ሽንኩርትና ብርቱካን ይወጣል፤ በመንገድ ላይም «ይህ የማን ነው? ወዴት ነው?» የሚል አልነበረም። ኅብረቱ ሲመሠረት ንግግር ያደረጉልን እርስዎ ነበሩ። «አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ የትም አይደርስም» ያሉንን አሁንም እናስታውሳለን። ከዚያ የካቲት ላይ እንደገና ሰብስበው፣ ደጋው እየበዘበዘን መሆኑንና ራሳችንን መቻል እንዳለብን ነገሩን። በእርግጥ ደጋዎቹ መላእክት አልነበሩም። በባቄላቸው ውስጥ ጠጠር እናገኝ ነበር፤ እነሱም በማሽላችን ውስጥ ነቀዝ ያገኙ ነበር። በዚህ ተዋውቀን፣ ስንሰዳደብም ስንሳሳቅም አብረን ኖረናል።

ስለዚያ ስብሰባ አንድ ነገር ላስታውስዎ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በየንግግርዎ «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ወስኖ ወጣ» ይላሉ። ስብሰባው የተጠራው በደብረ ሲና ገበያ ዋዜማ ነበር። ከረፋዱ ጀምሮ በቆርቆሮው አዳራሽ ታጭቀን ስንቀመጥ፣ የእርስዎ ንግግር እየረዘመ፣ ቆርቆሮውም እየጋለ ሄደ፤ ውጭ የቆሙት አህዮቻችን ደግሞ ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ያናፉብናል። አሁን፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ከሌላ አገር ተመድበው ስለመጡ ምናልባት ልብ አላሉት ይሆናል እንጂ፣ እኛ ቆላዎች ወደ ደብረ ሲና «እንሄዳለን» አንልም፤ «እንወጣለን» ነው የምንል። የደጋው ሰው ወደ እኛ ይወርዳል፣ እኛ ወደ እሱ እንወጣለን፤ አባቶቻችንም ከዚህ ሌላ ቃል አላወረሱንም።

እናም እርስዎ በዚያ በሚያንቋርረው የድምፅ ማጉያ «ከኅብረቱ እንውጣ ወይስ አንውጣ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከመሐል ወደ ኋላ ለተቀመጥነው የደረሰን «እንውጣ» የምትለዋ ብቻ ናት። አንዱ ከኋላ ብድግ ብሎ «እንውጣ እንጂ! ሳይመሽብን እንውጣ!» ሲል፣ ግማሹ ሰው ወደ ገበያ መውጣት መስሎት እጁን አወጣ። ግማሹም ከዚያ ከሚጠብስ አዳራሽ መውጣት መስሎት ሁለቱንም እጆቹን አወጣ። ተጨበጨበ፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት በመሐረብ ግንባርዎን ጠረጉ። በማግስቱ አህዮቻችንን እየነዳን ስንደርስ ከዳገቱ ሥር ገመድ ተወጥሮ ጠበቀን። ጠባቂው «እናንተ እኮ ወጥታችኋል» ይለናል፤ እኛ ደግሞ «የት ወጣን? ገና ልንወጣ ነው እንጂ!» እንለዋለን። እስከ ቀትር ድረስ እንዲሁ ስንከራከር ዋልን፤ አማርኛው እንደሆነ የሁላችንም ትክክል ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ይህን ያነሣሁት ውሳኔውን ለመንቀፍ እንዳይመስልዎ። ሳናውቀው የወሰንነው ነገር ጥቅሙ ምን ያህል እንደከበደን ለማስረዳት ነው። ጥቅሞቹን ደግሞ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ።

አንደኛ፦ ሆዳችን ዐርፏል። ባቄላ ሆድ እንደሚነፋ፣ ከደጋ የሚወርድ ሽሮም ጥገኝነት እንደሚያስለምድ ባስተማሩን መሠረት፣ በእትዬ አሰገደች ምግብ ቤት ከዚያ ወዲህ የባቄላም ሆነ የአተር ሽሮ አልተሠራም። እትዬ አሰገደች በደሴ መንገድ ዳር ለሾፌር ሽሮ እየሠሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ባለሙያ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ እርስዎም የበሉበት ቤት ነው። ከኅብረቱ የወጣነው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ስለነበረ፣ በኮሚቴው ምክር ማሽላና ማሾ አስፈጭተው «ሽሮ» ብለው አቀረቡ። የመጀመሪያው ሾፌር ሳህኑን አየት አድርጎ «እትዬ፣ ይሄ ለእኔ ነው ወይስ ለመኪናው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው አልጠየቀም፤ ነድቶ ደብረ ሲና ደርሶ በላ። ዛሬ ሾፌሮቹ በደጃፋቸው ሲያልፉ ጡሩምባ ያሰማሉ እንጂ አይቆሙም፤ ድሮ ለመቀመጥ ጊዜ ያጡ የነበሩት እትዬ አሰገደችም ሙሉ ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ይህን ሁሉ ዕረፍት ስለሰጧቸው «ሊቀመንበሩን ምን ብዬ ላመስግንልዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ የመለሱልኝን ቃል ግን ዳዊት የደገመ እጅ ሊጽፈው አይችልም።

ሁለተኛ፦ ገበያችን ከባዕድ ጸድቷል። አሁን ሽንኩርት የሚያመጣው ቆላ፣ የሚገዛውም ቆላ ነው። ጎረቤቴ አብዱልሃዲ የሽንኩርትና የብርቱካን ገበሬ እንደመሆኑ ባለፈው ገበያ አህያውን ጭኖ ወጣ፤ ይቅርታ፣ ሄደ ማለቴ ነው። ገበያው ላይ ሲደርስ በግራው ሽንኩርት፣ በቀኙ ሽንኩርት፣ ከፊቱም ሽንኩርት ይዘው የቆሙ ሰዎች አገኘ። ሁሉም ሻጭ ስለሆነ ማን ከማን ይግዛ? በመጨረሻ ባዶ እጅ መግባት ስላሳፈራቸው እርስ በርስ ተገዛዙ። አብዱልሃዲ ማታ ሲመለስ ስለ ገበያው ብጠይቀው «ወላሂ ወልደማርያም፣ ሽንኩርት ይዤ ሄጄ ሽንኩርት ይዤ መጣሁ፤ የኔው ሽንኩርት ሳይሆን አይቀርም፤ ትንሽ ጠውልጓል እንጂ መልኩን አልሳትኩትም» አለኝ። ብርቱካኑ ግን ከዛፉ ሥር ወድቆ ፍየል እየበላው ነው። አብዱልሃዲ ይስቃል፤ ሚስቱ አትስቅም።

ፍየል ካነሣሁ፣ የሚገባውን ምስጋና እንዳልነፍግዎ የተጠቀሙም እንዳሉ እመሰክራለሁ። ለፋሲካ የደጋ በግ ስላልወረደ ፍየል ያለው ሰው ተጠቅሟል። ትልቁ የፍየል መንጋ የማን ዘመድ ሀብት እንደሆነ ለመዘርዘር ግን የወፍጮ ቤቱ በር ጠባብ ነው።

ሦስተኛ፦ ገመዱን እናመሰግናለን። አስፋልቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ የመንግሥት መንገድ ስለሆነ፣ ትልቅ መኪና በመጣ ቁጥር ጠባቂው ገመዱን መሬት ላይ ይጥለዋል። መኪናው ባቄላ ጭኖ፣ በከተማችን መሐል አልፎ፣ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ እኛም በመንገድ ዳር ቆመን ባቄላውን እንሰናበታለን። ከመኪናው ኋላ አንዲት ሴት በቅርጫት ነጭ ሽንኩርት ይዛ ስትመጣ ግን ገመዱ ተመልሶ ይወጠራል። ከዚህ የተረዳነው የሀገርን ኢኮኖሚ የሚጎዳው ብዙ ነገር ሳይሆን ትንሽ ነገር መሆኑን ነው። የኮሚቴው ላንድሮቨር ከደጋ ሲመለስ የኋላው ዝቅ እንደሚል ያስተዋሉ አንዳንድ አሉባልተኞች ነበሩ፤ ጸሐፊዎ ግን ለጥናት የሚሆን የባቄላ ናሙና መሆኑን አስረድተውናል። ጥናቱ በማን ድስት እንደሚካሄድ መዓዛው ከነፋሱ ጋር ይደርሰናልና ውጤቱን በጉጉት እንጠብቃለን።

አራተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው ያፈርኩት የቤቴን ጉዳይ ነው። ባለቤቴ እቴነሽ የደጋ ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ ያሉት ከደብረ ሲና በላይ ነው። በአዲሱ አሠራር ከውጭ የገባች መሆኗ ነው። ለፋሲካ እናቷን ልትጠይቅ ወጥታ ስትመለስ ጠባቂው መቀነቷን አስፈትቶ የእናቷን ነጭ ሽንኩርት ወስዶባታል። ቤት ገብታ አላለቀሰችም፤ «እኔስ ከእንግዲህ ስወጣ እዚያው ልቀር ነው ወይስ ፈቃድ ያወጡልኛል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ከሠርጋችን በፊት ቀረጥ ያልከፈልኩባት መሆኑ ወንጀል ከሆነ ይንገሩኝ፤ ምስክሮቹ ሽማግሎች አብዛኞቹ በሕይወት አሉ።

ሰማዩ አጉረመረመ። ይቅርታዎን፤ ብዕሬን ጥዬ ወጥቼ አየሁ። ከጣርማ በር ወዲህ ጠቁሯል፤ እኛ ዘንድ ገና ነው፤ ግን ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ዙሪያውን መዞሬን ትቼ ወደ በሬው ልግባ።

እኔ አንድ በሬ አለኝ። በደጋ ያለው ወንድሙ የሚባል ወዳጄም አንድ በሬ አለው። እኔ ብቻዬን ማረስ አልችልም፤ እሱም አይችልም። ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች አጣምደን በየተራ እናርስባቸዋለን፤ ገበሬ ሁሉ መቀናጆ የሚለው ይኸው ነው። የእኛ መቀናጆ ለየት የሚለው ዳገትና ቁልቁለት ስላለበት ነው። ደጋው የሚያርሰው ለበልግ ነው፤ እኛ ለክረምት። ከጥር ጀምሮ ሁለቱም በሬዎች ወንድሙ ዘንድ ያርሳሉ፤ ግንቦት ሲያልቅ ወንድሙ ሁለቱንም እየነዳ ወደ እኔ ይወርዳል። ከአባቱና ከአባቴ የወረስነው ስምምነት ነው፤ ፊርማ የለውም፤ ተጣልተንበትም አናውቅም። እኛ በጭብጨባ ከኅብረቱ ስንወጣ ሁለቱም በሬዎች እዚያው ደጋ ነበሩ። እነርሱ ስብሰባው መኖሩን አልሰሙም።

ባለፈው ሳምንት ወንድሙ እንደ ልማዱ ሁለቱን እየነዳ እስከ ገመዱ ወረደ። እኔም ሰምቼ ሄድኩ። እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣ ገመዱ በመሐላችን ሆኖ ሰላም ተባባልን። ጠባቂው የመንደራችን ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ያፍር ነበር። የእኔ በሬ «ከውጭ የሚገባ ከብት» ስለሆነ የኮሚቴ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ የወንድሙ ግን «የደጋ ንብረት» ስለሆነ ከነጭራሹ እንደማይገባ ነገረን። በሬዬ ድምፄን ሲሰማ ጆሮውን አቁሞ ወደ ገመዱ ተጠጋ፤ ጠባቂው በበትር መለሰው። ወንድሙ እየደጋገመ መሬት መሬቱን ካየ በኋላ «በል እንግዲህ ወልዴ፣ በሬህን አታስብ፤ ከኔው ጋር ከርሞ ከኔው ጋር ይበላል። መሬትህን ግን እንዴት ላድርገው? ተሸክሜ አላርሰው!» አለኝና ሁለቱን ነድቶ ተመለሰ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ።

የምቸኩልበትን ምክንያት እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በእርስዎ ፊርማ የወጣው መመሪያ፣ በመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ሳይታረስ የተገኘ መሬት «ጦም አዳሪ» ተብሎ ለሌላ ገበሬ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። መመሪያው መልካም ነው፤ ሰነፍን ይቀጣል። በሬዬን ያስቀረው እጅ መሬቴን ስላልታረሰ የሚወስድ ሲሆን ግን፣ እኛ ገበሬዎች ያለችን «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የምትል አንዲት አባባል ብቻ ናት። አባቴ የተቀበረው ከዚያ መሬት ጫፍ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላ መሬት የለኝም፤ ሌላ ሥራም አልችልም። ከሰኔ ቀጥሎ እኔና እቴነሽ ምን እንደምንሆን ሳስብ ነው እንቅልፍ የሚርቀኝ።

ደግነትዎ ግን ከመመሪያዎ ይሰፋል። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጸሐፊዎ ደጃፌ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በሚቀጥለው ሳምንት «የራስን መቻል በዓል» እንደሚከበር፣ ድንኳን እንደሚተከል፣ እንግዶችም ከአውራጃ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ለዚያ ቀን ከኅብረቱ በመውጣታችን የተጠቀመ አንድ ተራ ገበሬ በሕዝብ ፊት ቆሞ እንዲመሰክር ስለተፈለገ፣ እኔ ዳዊት የደገምኩና ድምፄ የሚሰማ መሆኔ ታይቶ ተመርጫለሁ። «በመውጣታችን ተጠቅሜያለሁ» ብዬ ብቻ እንድቀመጥ ነው የታዘዝኩት። እንዲያው በነጻ እንዳይሆንብኝም «የወልደማርያም በሬ ይግባ» የሚል ፈቃድ አስቀድሞ በኬላው ተቀምጦልኛል። ፈቃዱ ለአንድ በሬ ነው። ስለ ሁለተኛው በሬ ብጠይቃቸው «ራስን መቻል ማለት እኮ ይኸው ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ አሰብኩ፤ እንቅልፍ ስለሌለኝ ለማሰብ ጊዜ አላጣሁም። እቴነሽ «ተናገርና በሬህን አስገባ፤ ቃል አያርስም» ትለኛለች። አብዱልሃዲ ደግሞ «ሰው ሁሉ ያውቅሃል፤ ብትዋሽም እውነቱን ይሰሙታል» ይለኛል። ሁለቱም ለእኔ አስበው ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። መውጣታችን ጥቅም ነው ብዬ ብመሰክር የምሸለመው በሬዬ እንዲገባልኝ ነው። እርስዎ ለመውጣታችን ምስጋና መክፈያ ከማስገባት የተሻለ ነገር ካላገኙ፣ ጥቅሙ በየትኛው በኩል እንዳለ ለእኔ መንገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። ደግሞስ አንድ በሬ ይዤ ምን ላድርግ? ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል። ራሱን የቻለ በሬ አይቼ አላውቅም፤ እርስዎ አይተው ከሆነ ለበዓሉ ቀን ድንኳኑ አጠገብ ያስሩልንና ሲያርስ እንየው።

ስለዚህ ግብዣዎን በአክብሮት ተቀብዬ በበዓሉ ቀን እመጣለሁ፤ ነጠላዬንም አጥቤ እለብሳለሁ። የምናገረውን ግን እንግዶቹ ፊት አዲስ እንዳይሆንብዎ አሁኑኑ አሳውቅዎታለሁ፤ «ከኅብረቱ በመውጣታችን የተጠቀምኩት ነገር ቢኖር፣ ተጠቅሜያለሁ ካልኩ በሬዬ እንደሚገባልኝ ቃል መገባቱ ነው» ብዬ እቀመጣለሁ። ጭብጨባውን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ገመድዎ፣ ስለ ናሙናዎ፣ በኛ ስም ስላስጨበጨቡልን ጭብጨባ ሁሉ ምስጋናዬ ከዳገቱ ይበልጣል። እድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ለእርስዎም ከአሁኑ ሹመትዎ የሚበልጥ፣ ግን ከዚህ በጣም የሚርቅ ወረዳ ያዘጋጅልዎ።

ጤናዎን ሳያቋርጥ የሚመኝ፣
ከስብሰባዎ ቀርቶ የማያውቅ፣
ለጊዜው ገበሬ የሆነው
ወልደማርያም ወርቁ
(የማይነበብ ፊርማ አይደለም፤ ስሜን ራሴ ነኝ የጻፍኩት)

ግልባጭ፦
— ለወፍጮ ቤቱ በር
— ለኬላው ጠባቂ፣ በትርፍ ጊዜው እንዲያነብበው
— ለወዳጄ ለወንድሙ፣ ገመዱ ወረቀት የሚያሳልፍ ከሆነ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለመለጠፍ በማለዳ ስነሣ ዝናቡ ጀምሯል፤ መንገድ ላይም የኬላው ጠባቂ የላከው ሰው እየሮጠ መጣ። ሌሊቱን ሁለት በሬዎች ያለ ነጂ ከደጋ ወርደው ገመዱ ሥር ቆመዋል አለኝ። ወንድሙ ሳያስራቸው ማደሩ ነው ይላሉ፤ ሰውዬው በዕድሜው በሬ ሳያስር አድሮ አያውቅም። በበትር ቢመልሷቸው ዞረው ይመጣሉ፤ መኪኖቹም ከኋላቸው ተሰልፈው ጡሩምባ ያሰማሉ፤ የገበያው ሰው ተሰብስቦ እያየ ነው። ጠባቂው ለአንድ በሬ የተጻፈውን የእርስዎን ፈቃድ በእጁ ይዞ ተጨንቋል፤ ሁለቱም ቀይ ዳማ፣ ሁለቱም ቀንደ ረጅም፣ ሁለቱም በዝናብ የበሰበሱ ስለሆኑ «የአንተው የትኛው ነው? ንገረኝና እሱን ላስገባ» ብሎ ልኮብኛል። ቀንበሬን ተሸክሜ ወደዚያው እየሄድኩ ነው፤ እርስዎም ቢቸኩሉ ይደርሱብናል። የቆላውን በሬ ከደጋው ለይተው ያወጡት ዘንድ ቦታው የእርስዎ ነው። እኔ እንደሆነ የትኛው የእኔ እንደሆነ አልናገርም።